የጋሽ ካርልተን ማክሰኞ

ጋሽ ካርልተን ማረፋቸውን የነገረኝ ደረጄ ነው። ከደረጄ ጋር ቀኑን ሙሉ አንድ ክፍል ስለምንውል በእረፍት ቀኔ ደውሎልኝ አያውቅም፤ ስለዚህ ስሙን ስልኬ ላይ ሳየው ደህና ነገር እንዳልሆነ ገባኝ። «ጋሽ ካርልተን እኮ...» አለና ቀሪውን መጨረስ አቃተው። ሲልቬራዶ ራንች ሰፈር ካለው ሱፐርማርኬት ገና መውጣቴ ነበር። ከረጢቶቼን እንደያዝኩ መኪናዬ አጠገብ ቆሜ በሩን መክፈት ረሳሁ።

ልባቸው ነው አሉ። በእንቅልፋቸው ነው የሄዱት። ጎረቤታቸው መኪናቸው ከቦታው አለመነቃነቁን አይታ ፖሊስ ባትጠራ ኖሮ ማንም አያውቅም ነበር። የእረፍት ቀናቸው ስለነበር ከሥራም የፈለጋቸው የለም። እኔ ሰው ሞቶ የሚፈልገው ሲታጣ ያናድደኛል። እውነቱን ለመናገር ከሐዘኑ ቀድሞ የመጣብኝ ንዴቱ ነው።

የምንሠራው ላስ ቬጋስ ውስጥ፣ ዘ ስትሪፕ በሚባለው የካዚኖዎች ጎዳና ላይ ካሉት ሆቴሎች በአንዱ፣ ምድር ቤት ባለው ዩኒፎርም ክፍል ውስጥ ነው። ላይ ካዚኖው ሲንጫጫ እኛ ታች ቁማር የሚያጫውተውን የዲለሩን ሸሚዝ፣ የአስተናጋጇን ቀሚስ፣ የበረኛውን ካፖርት ስንሰፋና ስንተኩስ እንውላለን። የክፍሉ ሠራተኛ አብዛኛው ሐበሻ ነው፤ በዲቪ መጥቶ አንዱ ሌላውን እየሳበ ያስገባ። ጋሽ ካርልተን ግን ከትሪኒዳድ ነበሩ፤ የአፍሪካውም፣ የህንዱም፣ የቻይናውም ዘር ተደባልቆ ከሚኖርባት የካሪቢያን ደሴት። የስፌት መኪናቸው ከእኔ መኪና ጎን ነበር። ሰባን አልፈዋል፤ ጡረታ ለምን አይወጡም የሚላቸውን ሰው ግን ለሳምንት ያኮርፉታል። እንግሊዝኛ አንቱታ ስለሌለው እኛ ስማቸው ፊት «ጋሽ» ጨመርንላቸው። ትርጉሙን ሲጠይቁ የክፍላችን አንጋፋ እትዬ አልማዝ «ቢግ ብራዘር ማለት ነው» አለቻቸው። ከዚያ ወዲያ «ሚስተር» ሲባሉ ቅር ይላቸው ጀመር።

ሰው ሲተዋወቁ ፊቱን አያዩም፤ ትከሻውን ነው የሚያዩት። አዲስ ሠራተኛ ዩኒፎርም ሊወስድ መስኮታችን ላይ ሲቆም በዓይናቸው ከትከሻ እስከ ትከሻ ይለኩትና ወደ እኔ ጠጋ ብለው «ይሄ ክንፍ ይችላል» ወይም «ይሄ አይችልም፣ ይደፋዋል» ይሉኛል። መጀመሪያ ዕድሜ ተጫጭኗቸው ነው ብዬ ነበር። በኋላ ነው በዓይናቸው የላባ ክንፍ እያለበሱት እንደሆነ የገባኝ።

እዚህ ከተማ ያመጣቸው ላባ ነው። በፊት በየሆቴሉ ላባ ለብሰው የሚደንሱ ሴቶች ትርኢት ነበር፤ የራስ ጌጣቸውንና የጀርባ ላባቸውን ከሚሠሩት አንዱ ጋሽ ካርልተን ነበሩ። ትርኢቶቹ አንድ በአንድ ሲዘጉ ወደ ታች፣ ወደ እኛ ወረዱ። «ዕድሜዬን ሙሉ እዚህ ላባ ስሰፋ ኖሬ አንድ ቀን ካርኒቫል አልሠራሁም» ይሉ ነበር። ልዩነቱ ምንድን ነው አልኳቸው። በሁለት ጣታቸው ጠረጴዛውን መደብደብ ጀመሩ፤ ሲያስቡ እንደዚያ ነው የሚያደርጉት፣ እንጨት ካገኙ ከበሮ ነው።

«ትርኢት ሰው ከፍሎ ተቀምጦ የሚያየው ነው» አሉኝ። «ካርኒቫል መቀመጫ የለውም። ሁሉም መንገድ ላይ ነው።»

የአገራቸውን ታሪክ ሲነግሩን የዘመድ ሐሜት ነው የሚመስለው። «እንግሊዞቹ ከበሮ ከለከሉን። እሺ አልንና ቀርከሃ ቆርጠን መሬቱን መታንበት። እሱንም ከለከሉ። ከዚያ የዘይት በርሜል አንስተን ቀጥቅጠን ዜማ አወጣንበት። አሁን ምን ይበሉ? በርሜሉ የራሳቸው ነው!» ይላሉና ይስቃሉ። ቀጥሎ ድምፃቸው ዝቅ ይላል። «ባንዲራ ሳይኖረን መንገድ ላይ የምንወጣበት ቀን ነበረን። ያኔ ነው የአፍሪካውና የህንዱ ልጅ አንድ ላይ ለብሶ ሲጨፍር ቆይቶ፣ እኛ አንድ ሕዝብ ነን እንዴ ብሎ የጠየቀው።»

ደረጄ ካውያው ላይ ሆኖ «እኛ ደግሞ ባንዲራ ስላለን ነው አብረን መውጣት ያቃተን» አለ። ሳቅን፤ ሳቁ ግን ብዙ አልቆየም። በዚያው ሰሞን ፓርክ ውስጥ ለሐበሾች በተዘጋጀ ሽርሽር ላይ የትኛው ባንዲራ ይሰቀል በሚል ሁለት ጎረምሶች ተናንቀው፣ ሥጋው ሳይጠበስ ነበር የተበተንነው።

ከየት እንደሆንን ያወቁበት ዕለት ደግሞ አለ። «ኢትዮጵያ» ስንላቸው መርፌያቸውን አስቀምጠው ብድግ አሉ። «እኔም ሁለት ቀን ኢትዮጵያዊ ነበርኩ!»

ደረጄ በትራንዚት ያለፉ መስሎት «ቦሌ ነው ያደሩት?» ብሎ ጠየቃቸው።

ለካ ልጅ ሳሉ ነው። አባታቸው ከሰፈሩ ሰው ጋር ሆነው በካርኒቫል የኢትዮጵያን ቤተ መንግሥት ለብሰው ወጥተዋል፤ አባት መስፍን፣ እናት ልዕልት፣ ትንሹ ካርልተን የካባ ጫፍ ያዥ። ከመካከላቸው ኢትዮጵያ በየት በኩል እንደሆነች የሚያውቅ ሰው አልነበረም፤ ጥቁር ሰው ዘውድ የሚደፋበት አገር አለ መባሉ በቂ ነበር። ልብሱን በእርሳስ ሥለው አሳዩኝ። የሮማ ወታደርና የመጫወቻ ካርታ ላይ ያለው ንጉሥ ተጋብተው የወለዱት ነገር ነው።

«ጋሽ ካርልተን፣ እኛ እኮ እንዲህ ለብሰን አናውቅም» አልኳቸው።

«አሁን አውቃለሁ» አሉ። «ግን አባቴ በዚያ ልብስ ቀና ብሎ ሲሄድ አይቻለሁ። በሌላ ቀን እንደዚያ ሲሄድ አላየሁትም።»

ካርኒቫል ምን እንደሆነ በመጨረሻ ያስረዳችን እትዬ አልማዝ ናት። ጋሽ ካርልተን «ከትልቁ ጾም በፊት ያሉት የመጨረሻ ሁለት ቀናት ናቸው» ሲሉ እጇን አጨበጨበችና «ቅበላ ነዋ!» አለች። ነገሩ ወዲያው ዘመድ ሆነ። እኛም በቅበላ ሥጋውን እንሰናበታለን፣ እንበላለን፣ እንጠጣለን፤ እነሱ ጭፈራ ጨመሩበት፣ ምን አለበት? ጋሽ ካርልተንም ቅበላን ሲሰሙ ደስታቸው ልክ አልነበረውም፤ ምክንያቱም የእሳቸው ትልቁ ቅሬታ በሌሎች ከተሞች በነሐሴ የሚደረገው ካርኒቫል ላይ ነበር። «በነሐሴ? ከነሐሴ በኋላ ምን ጾም አለና ነው?» ይላሉ። እኔም «በነሐሴስ እኛ ፍልሰታ አለን» ብዬ አናደድኳቸው።

ላስ ቬጋስንም የሚከሷት በዚሁ ነው። «እዚህ ሰው በየቀኑ ማክሰኞ ላይ ነው፤ ረቡዕ አይመጣም» ይሉ ነበር። ማክሰኞ የካርኒቫሉ ማብቂያ፣ ረቡዕ ደግሞ ካህኑ ግንባር ላይ አመድ የሚቀባበት የጾማቸው መግቢያ ነው። ጾም የማይገባበት ከተማ ውስጥ ቅበላ የሚባል ነገር ሊኖር አይችልም ብለው ያምኑ ነበር፤ እኔም ስሰማቸው ቆይቼ አመንኩ።

ሚስታቸው ከሞተች ቆይታለች፤ ልጅ የላቸውም። አብረዋቸው የመጡት የአገራቸው ልጆች አንዳንዱ ሞቷል፣ አንዳንዱ ወደ ሌላ ከተማ ሄዷል። በየዓመቱ የካርኒቫል ማክሰኞን ኦፍ ይወስዳሉ፤ ምን ሠርተው እንደዋሉ ግን አይናገሩም ነበር። አንድ ቀን ምሳ ላይ እኔና እሳቸው ብቻ ስንቀር ነገሩኝ። አንድ ዓመት ብቻቸውን ትልቅ ክንፍ ሠርተው፣ ለብሰው፣ ዘ ስትሪፕ ላይ ወጡ። እዚያ ደግሞ ላባ ለብሰው ከቱሪስት ጋር ፎቶ እየተነሱ ቲፕ የሚለምኑ አሉ። አንድ ባልና ሚስት መጥተው በግራና በቀኛቸው ቆመው ፎቶ ተነሱ፤ ከዚያ ሰውዬው እጃቸው ውስጥ ዶላር አስጨብጧቸው «ሾው ያለው የትኛው ሆቴል ነው?» አላቸው።

«ምን አሉት?» አልኩ።

«አመሰገንኩት። ምን ልበለው? ብቻውን ክንፍ የለበሰ ሽማግሌ ለማኝ ነው። ከኋላው አሥር ሰው ቢኖር አገር ነው።»

ይህን ሲሉ አላለቀሱም። ለደረጄ ነገርኩት። ደረጄ አፉ እንጂ ልቡ ክፉ አይደለም፤ በማግስቱ እጁን ኪሱ ከቶ መኪናቸው አጠገብ ቆመና «ጋሽ ካርልተን፣ እኛ አንወጣልዎትም?» አላቸው። «ቅበላ አይደል እንዴ?»

ጣታቸው ከጠረጴዛው ላይ ቆመ። ተራ በተራ አዩን፤ ፊታችንን ነው ያዩት።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ሌላ ሰው ሆኑ። ቡድን ሲወጣ አንድ ነገር መሆን አለበት ብለው ምን እንሁን ሲሉን ደረጄ በቀልድ «ላይኞቹን እንሁን» አለ፤ ላይ፣ ፎቅ ላይ ያሉትን ማለቱ ነው። ጋሽ ካርልተን ቀልዱን እንደ ቁም ነገር ያዙት። የድሮ ሰዎቻቸውም የጌቶቻቸውን ካፖርትና ባርኔጣ አስመስለው ለብሰው፣ አረማመዳቸውን እየቀዱ ነበር የሚወጡት። ስለዚህ ሁሉም ይመርጥ ተባለ። እኔ ማናጀሯን መረጥኩ፤ ለዓመታት ሳጠናት ነው የኖርኩት። ደረጄ ስሎት ማሽን፣ ያ ሳንቲም የሚጎርሰው የቁማር ማሽን ሆነ፣ «ሲበላ እንጂ ሲሰጥ አይቼው አላውቅም» ብሎ። እትዬ አልማዝ መጀመሪያ እንደ ሰይጣን የሚለብስ ሰው እንደማይኖር ጋሽ ካርልተንን አስማለቻቸው፤ ቀጥላ «እኔ እንግዳዋ ነኝ» አለች፣ ያቺ ፎጣ አምጡ፣ ፎጣ ውሰዱ የምትለዋን። ሌሎቹም ከካውያውና ከመስኮቱ እየመጡ ተመዘገቡ፤ ቡድን ሆንን። ጋሽ ካርልተን ሊጣል የተለየውን ያረጀ ዩኒፎርም ሆቴሉን አስፈቅደው ወሰዱና ሲልቬራዶ ራንች ባለው ጋራዣቸው ውስጥ ለእያንዳንዳችን ክንፍ ሰፉ። መንገዱንም መረጡ፤ ዘ ስትሪፕ ሳይሆን ሜሪላንድ ፓርክዌይ፣ ሰው የሚኖርበት፣ አውቶቡስ የሚጠበቅበት፣ ልብስ የሚታጠብበት። «እኛም እዚያ ነን» አሉ።

ማክሰኞን ኦፍ ጠየቅን። ተፈቀደልን።

የተፈጠረውን ስህተት ከእኛ በቀር የሚሠራው የለም። ዕለቱ ሲቃረብ እትዬ አልማዝ የቤተ ክርስቲያኗን የቀን መቁጠሪያ ገለጠችና ጣቷን ቀኑ ላይ እንዳደረገች ቀረች። የእነሱ ጾም የሚገባው ረቡዕ ነው፤ የእኛ ሁዳዴ ሰኞ። በዚያ ዓመት ሁለቱ ጾሞች አንድ ሳምንት ላይ ወደቁ። እሳቸው «የመጨረሻ ሁለት ቀናት» ሲሉ ሰኞና ማክሰኞን ነበር፤ እኛ ቅበላ ስንል ቅዳሜና እሑድን። ጾም ሁሉ በሰኞ የሚገባ መስሎን ማናችንም አልጠየቅንም። የእሳቸው ማክሰኞ ለእኛ የሁዳዴ ሁለተኛ ቀን ሆነ።

«በሁዳዴ ክንፍ ለብሼ መንገድ ላይ?» አለች እትዬ አልማዝ። ቁጣ አልነበረም፤ ልታለቅስ ነበር።

እንድነግራቸው እኔን ላኩኝ፣ ከጎናቸው የምትሰፊው አንቺ ነሽ ብለው። ነገርኳቸው። «እሑድ ብናደርገውስ?» አልኩ፤ እሑዱ ግን የረጅም ዊኬንድ እሑድ ነበር፣ ሆቴሉ ጢም ብሎ የሚሞላበት፣ ለማንም ኦፍ የማይሰጥበት። እሳቸውም ራሳቸውን ነቀነቁ።

«እሑድ የእናንተ ነው። በእናንተ ቀን ብወጣ እንግዳ ነኝ» አሉ። «ጾማችሁን ጠብቁ። ጾሙን የማይጠብቅ ሰው ማክሰኞን ምን ያደርግለታል?»

ያን ማክሰኞ ሥራ ገቡ። እንደ እኛው ኦፋቸውን ካንስል አድርገው ማለት ነው። በዚህ ቀን ወንበራቸው ላይ አይተናቸው አናውቅም ነበር። የበረኞች ካፖርት ሲሰፉ ዋሉ፤ ጠረጴዛውን አልደበደቡም። በማግስቱ ረቡዕ ግንባራቸው ላይ አመድ ተቀብተው መጡ። እኔ መቼም አላርፍ፤ «ማክሰኞው ሳይኖር ረቡዕን ምን አደረጓት?» አልኳቸው።

«ረቡዕ ጠርተሽውም ባትጠሪውም ይመጣል» አሉ። «ያለ ሰው የማይመጣው ማክሰኞ ነው።»

ከዚያ በራሳቸው የቀን መቁጠሪያ ለሚቀጥለው ዓመት ቆጠሩ። እትዬ አልማዝም በእሷ መቁጠሪያ ቆጠረች። የሁለቱ ጾም መግቢያ ከሦስት ሳምንት በላይ ይራራቅ ነበር፤ ማክሰኞው ነፃ ነው። ሁላችንም ቃል ገባንላቸው። እሳቸውም ዓመቱን ሙሉ ክንፎቹን ሲያሻሽሉ፣ የእኔን ሲያሰፉ፣ የደረጄን መብራት ሲቀያይሩ ከረሙ። የራሳቸውን፣ ከሁላችን ፊት የሚሄደውን ትልቁን ክንፍ፣ በጋው ሳያልቅ ጨርሰው ነበር። የገና በዓል ሊደርስ ጥቂት ሲቀረው ደረጄ ደወለልኝ።

ቀብር እንኳን አልነበረንም። የእህታቸው ልጅ በስልክ ሁሉን ጨርሳ አስከሬናቸውን ወደ ትሪኒዳድ አስወሰደች። ጥሩ አደረገች፤ ግን እኛ ድንኳን ጥለን የምንቀመጥበት፣ ሄደን የምንቆምበት ቦታ አጣን። ባዶ ወንበራቸው ጎን ቁጭ ብዬ ስሰፋ ክፉኛ ናፈቁኝ። የቤቱ ባለቤት ጋራዡ ይለቀቅልኝ ሲል ልጅቷ ክንፎቹን እናንተው ውሰዱ አለችን። በደረጄ መኪና ተመላልሰን አወጣናቸው። ትልቁን ማንም ልልበስ አላለም፤ በደረጄ ቤት ጋራዥ ውስጥ ግድግዳውን ተደግፎ ቀረ።

ማክሰኞው ሲመጣ እንከራከር ጀመር። ደረጄ ራሱ አመነታ። «እሳቸው ከሌሉ የማን በዓል ነው? አገሩን አናውቀው፣ ዘፈኑን አናውቀው። ሰው ምንድን ናችሁ ቢለንስ?»

እትዬ አልማዝ መነጽሯን አወለቀች። «አባታቸው ኢትዮጵያን አይቷት ነው የለበሳት?» አለች።

ወጣን። እኩለ ቀን ላይ ሜሪላንድ ፓርክዌይ የእግረኛ መንገድ ላይ፣ መጀመሪያ ግድግዳ ግድግዳውን ይዘን፣ አንዱ አንዱን ፊት ሂድ እያለ። ደረጄ በትንሽ ስፒከር የበርሜል ሙዚቃ ከፈተ፤ ትክክለኛው ይሁን አይሁን እግዚአብሔር ይወቀው። ልብስ ማጠቢያው ቤት ደጃፍ ያሉ ሰዎች ቅርጫታቸውን ይዘው ወጡ። አንድ መኪና ጥሩንባ ነፋ። እኔ የማናጀሯን አካሄድ ስጀምረው የክፍላችን ሰው በሳቅ ፈረሰ፤ እትዬ አልማዝ በትልቅ ድምፅ ፎጣ ጠየቀች። አንዷ ትከሻዋን ስትነቀንቅ ክንፉ ከላይ እስከ ታች ተርገፈገፈ፤ እስክስታ እንዲሸከም ተደርጎ ነው የተሰፋው። ሁላችንም ሞከርነው። ከዚያ ወዲያ ግድግዳውን የያዘ ሰው አልነበረም። ለመጀመሪያ ጊዜ በዚህ ከተማ ጎዳና ላይ ሰው እንዳያየኝ ሳይሆን እንዲያየኝ ፈልጌ ሄድኩ። ደስ አለኝ፤ ደስ ሲለኝ ደግሞ ለእሳቸው መንገር ፈለግሁ።

ከፊታችን ሦስትና አራት ሰው የሚያህል ቦታ ባዶ ትተን ነበር የምንሄደው። እንተወው ተባብለን አይደለም፤ ማንም ሊገባበት አልደፈረም።

የመረጡልን መንገድ መጨረሻ ላይ ደረስን። አንድ የአውቶቡስ ፌርማታ፣ ከኋላው ሰፊ ፓርኪንግ። ደረጄ ሙዚቃውን አጠፋ። እያለከለክን፣ እየሳቅን ቆምን፤ ሳቁም አለቀ። አውቶቡስ መጥቶ በሩን ከፈተልን፤ የሚሳፈር ሲያጣ ዘግቶ ሄደ።

«አሁንስ?» አለች እትዬ አልማዝ።

ሁላችንም ወደ ፊት፣ ወደ ባዶው ቦታ ዞርን። ካርኒቫል እንዴት እንደሚጀመር ብዙ ጊዜ ነግረውናል። እንዴት እንደሚያልቅ ግን ጠይቀናቸው አናውቅም። ክንፋችንን እንደለበስን እዚያው ቆምን።